ደሙ ከእኛ፣ ዕውቀቱ ከማን?

የአገራችን ሰው ስለ ደም ሲናገር ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይጠቀልላል። «ደሜ ነው» ሲል ዘመዴ ነው ማለቱ ነው። «ደሜን ከፈልሁ» ሲል ደግሞ ከዚያ በላይ የምሰጠው የለኝም ማለቱ ነው። ሐኪም ቤት ገብቶ ጣቱን ሲወጋና ጠብታዋ መስታወት ላይ ስታርፍ ግን ከሁለቱ አንዱንም አያስብም። ውጤቱን ይጠብቃል፣ ኪኒኑን ይቀበላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያቺ ጠብታ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚያነባት፣ ከእርሷ የተገኘው ዕውቀት የማን እንደሚሆን የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። እኔም ዛሬ ላነሳው የምፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለኝ፣ እዚህም እዚያም በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ እንጂ ሐኪምም የሥነ ሕይወት ሊቅም አይደለሁም። ታዲያ ስለ ዘረመልና ስለ ጂኖም ምን አገባህ ለሚለኝ አንባቢ መልሴ አጭር ነው። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከቤታችን የውኃ በርሜል ነው።

የበርሜሉ ቢምቢ

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ሙቀቷንና የውኃዋን ነገር ያውቃል። ቧንቧው በመጣ ሰዓት የማይቀዳበት ቤት የለም። ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን በርሜሉ፣ ሮቶው፣ ጄሪካኑ ይሞላል። ውኃ ያጠራቀመ ቤት ጠንቃቃ ቤት ይባላል። ወባ ደግሞ የገጠር፣ የረግረግና የክረምት ማብቂያ በሽታ ናት ተብሎ ሲነገር ኖሯል። ከተሜው በአስፋልቱና በቆርቆሮው ተማምኖ ተኝቷል።

ይህን መተማመን የናደችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ናት። ሊቃውንቱ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ተያዘች። ጠባይዋ ከአገሬው ትንኞች ይለያል። ከተማ ትወዳለች። ሰው ለራሱ ብሎ ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ጠንቃቃው ቤት ያጠራቀመው በርሜል ለእርሷም ቤት ሆነ ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ወባ ገነነ። መንስኤውን ለማወቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጥናት አካሄዱ። ከታማሚዎቹ መካከል የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ፤ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው የታወቀ መጽሔት ላይ ታተመ። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ወባ ከያዘው ሰው ቤት ዙሪያ ሌሎችም በበሽታው ተይዘው ተገኙ፤ ይኸውም ያቺ የእስያ ትንኝ በምትገኝበት አካባቢ ጎልቶ ታየ። ትንኟ ራሷ ተመርምራ የወባው ተውሳክ በውስጧ ተገኘ። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደነግጠው የተውሳኩ ዘረመል ሲነበብ የታየው ነው። ተውሳኮቹ የአንድ እናት ልጆች ያህል የተመሳሰሉ ነበሩ፤ ፈጣኑን መመርመሪያና ዋናውን የወባ መድኃኒት ለማምለጥ የሚያስችሉ ምልክቶችም ተገኙባቸው።

ይህ በእናት ቋንቋ ሲተረጎም ምን ማለት ነው? በየጤና ጣቢያው ያለው ፈጣን መመርመሪያ የሚሠራው ተውሳኩ የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን በመፈለግ ነው። ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ከተውሳኩ ላይ ከጠፋ መመርመሪያው የሚያየው ነገር የለም። ልጁ ይቃጠላል፣ ወረቀቱ «የለበትም» ይላል፣ እናቲቱ ልጇን አዝላ ትመለሳለች። ዘረመል ማንበብ የፈረንጅ ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ያልተጠራው መምህር

ለዚህ ጥናት ምስጋና ይገባል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ፣ ዛሬም በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የሚሠራ ነው። ስለዚህ «ደማችንን ወስደው ሸጡት» የሚለው የተለመደ ሮሮ እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ይሁንና አንድ ሌላ ነገር ከነከነኝ። በደሙ ሰጪና በዕውቀቱ ጸሐፊ መካከል አንድ ሰው አለ። እርሱም በየከተማው ባሉ ኮሌጆች ባዮሎጂና የጤና ሳይንስ የሚያስተምረው ጀማሪ መምህር ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ስሙንም የሚያስተምርበትን ኮሌጅም አልጠራም። ማስተርሱን ከያዘ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ይዘን ስንጫወት ስለዚያ ሰሞን እንዲህ አለኝ፤

«ተማሪዎቼ በወባ እየታመሙ ከክፍል ቀሩ። ድነው ሲመለሱ ስለ ሜንደል አተር አስተማርኋቸው።»

«ሌላ ምን ልታስተምር ኖሯል?» አልሁት።

«እዚሁ የያዛቸውን ነገር ነዋ! የጄኔቲክስ ትምህርት ማለት እርሱ አልነበረም? ትንኟ በመስኮት ገብታ ነክሳቸዋለች፤ እኔ በጠመኔ አተር እስላለሁ።»

«ማን ከለከለህ?»

«የከለከለኝ የለም። ያዘዘኝም የለም። በሳምንት የማስተምረውን ሰዓት፣ የማርመውን ፈተና ቁጠረው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለውን ጓንት ደግሞ በጣትህ ትቆጥረዋለህ። ምርምር ሲባል ስሙ የሚጠራው ሌላ ቦታ ነው። እኛ አስተማሪዎች ነን።»

«እኛ አስተማሪዎች ነን» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልጠፋም። ኩራት አለበት። ሽንፈትም አለበት። የጥያቄዬ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአንድ አገር ውስጥ ጥቂቶች እንዲያውቁ፣ ሌሎች የታወቀውን እንዲያስተላልፉ፣ የቀሩት ደግሞ ደም እንዲሰጡ ተደርጎ ሥራው ቢከፋፈል ምን ክፋት አለው? ሥራ መከፋፈልማ በሁሉም ዘንድ ያለ ነገር ነው። ዳሩ ግን ማወቅን እንደ እንጀራና እንደ ብረት ሥራ መከፋፈል ይቻላልን?

የአትክልት ቦታው

ወዳጄ በምሬት የጠራው ሜንደል ራሱ ማን እንደነበር እናስታውስ። ግሪጎር ሜንደል በብርኖ ከተማ የሚኖር መነኩሴና የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የመምህርነት ማረጋገጫ ፈተና ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሁለቱንም ጊዜ አላለፈም። በምክትል መምህርነት ለዓመታት ፊዚክስና የተፈጥሮ ሳይንስ እያስተማረ ከገዳሙ አትክልት ቦታ አተር ይዘራ፣ ያዳቅል፣ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመውን ጽሑፍ ዓለም ልብ ያለው በ1900 ነው፤ እርሱ ካለፈ ከ16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ ጄኔቲክስ የምንለው ሳይንስ መነሻው የአንድ አስተማሪ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩን የጠቀስሁት ግን «ድኃ ቢሆንም ከጣረ ይደርሳል» የሚለውን የተለመደ ስብከት ለመድገም አይደለም። ለሜንደል የተደረገለትን ልብ እንበል። ገዳሙ ቦታ ሰጠው፣ የመስተዋት ቤት አገኘ፣ አበ ምኔቱ ናፕም ሥራውን ደገፉለት። ያልተሰጠውን ነገርም ልብ እንበል። የሠራውን የሚረዳ፣ የሚሞግት፣ ለሌሎች የሚያደርስ ባልደረባ አላገኘም። ቦታው ሥራውን ወለደ፤ የሰው እጦት 34 ዓመት አስተኛው። ድጋፍ ሲባል ገንዘብ ብቻ ለሚመስለን ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከራሳችን ደግሞ ከዚሁ ከምሥራቁ ምድር ከጅጅጋ የተወለዱትን ዶክተር አክሊሉ ለማን እናንሳ። ትምህርታቸውን አሜሪካ ጨርሰው በተመለሱ ሰሞን፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናት። እናቶቻችን ለዘመናት ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ በሽታውን ከሥሩ የሚመታ ሆኖ ተገኘ። ያንን ለማየት ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ የቀንድ አውጣዋን ምስጢር ማወቅ፣ እንዶድ ምን እንደሆነም ማወቅ። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ምናልባት ባላየው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው የውጭ ተቋማትን አመኔታ እስኪያገኝ ረጅም ዘመን ፈጀ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ማለት ነው።

የሚያሸንፍ የሚመስለው ተቃውሞ

እስካሁን የተናገርሁት ለአንድ ወገን ነው። ሌላው ወገንም የሚናቅ ክርክር የለውም። እንደ ሕጉ የሱንም እንስማ።

አንደኛው እንዲህ ይላል። አገሪቱ ድኃ ናት። ጥቂት ገንዘብ ለብዙዎች ቢበተን ለማንም አይደርስም፤ ስለዚህ ምርምር በተመረጡ ተቋማት ይሰብሰብ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በዓይነት ሲከፋፍል ስምንቱን የምርምር ዩኒቨርሲቲ ያላቸው በዚሁ ሐሳብ ነው። ጎረቤታችን ሐረማያ ከስምንቱ አንዱ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግን ከስምንቱ ውስጥ የለም። ይህ አሳብ በመሣሪያ ረገድ ልክ ነው። ውድ ማሽን በየከተማው ተክሎ ኃይል ሲቋረጥና ኬሚካል ሲያልቅ አቧራ ማልበስ ወንጀል ነው። ነገር ግን ማሽንና ጥያቄ አንድ አይደሉም። ማሽን አንድ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ጥያቄ የሚበቅለው በሽታው ካለበት ነው። ትንኟ ከደጋው ይልቅ ቆላውን ስትመርጥ የዩኒቨርሲቲዎቹን ደረጃ አላነበበችም።

ደግሞም የጂኖም ሳይንስ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ መልካም ጠባይ አለው። የመጀመሪያው የሰው ጂኖም ተነቦ አለቀ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። ዛሬ የአንድ ሰው ጂኖም ከ1 ሺህ ዶላር ባነሰ ይነበባል፤ በመዳፍ ተይዞ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገጠም ማንበቢያም ተሠርቷል። ከዚህም በላይ የተነበበው ሁሉ በአብዛኛው ለዓለም ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ይቀመጣል። የተውሳኩን፣ የትንኟን ጂኖም ማንም ሰው በነፃ አውርዶ ሊመረምር ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር፣ መስመርና የሠለጠነ ጭንቅላት ነው። ወዳጄ ጓንት ባይኖረውም ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ የራሱን ከተማ ተውሳክ ከሌላው አገር ተውሳክ ጋር ሊያነጻጽር ይችል ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ጥራት ነው። ባልተሟላ ቤት፣ ባልበሰለ እጅ የተሠራ ሳይንስ ከድንቁርና ይከፋል ይባላል። እውነትነት አለው። ሆኖም ስሕተት የድኃ ብቻ አይደለም። በጋሞ ደጋ ከሞጣ ዋሻ የወጣው የ4,500 ዓመት አጽም ጂኖም ተነብቦ እ.ኤ.አ. በ2015 በታላቁ ሳይንስ መጽሔት ታትሞ ነበር። ከአፍሪካ ምድር ሙሉ ጂኖሙ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ነው። ከውጭ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች ደም በአህጉሩ ሁሉ ተሠራጭቷል የሚለው አንዱ መደምደሚያ ግን በኮምፒዩተር አሠራር ግድፈት የመጣ ሆኖ ተገኘና ደራሲዎቹ ራሳቸው አረሙት። ግድፈቱ የታወቀው ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ወስደው ሒሳቡን ደግመው ስለሠሩት ነው። እንግዲህ የሳይንስ ጥራት የሚጠበቀው በሕንፃው ትልቅነት ሳይሆን ደግሞ በሚቆጥር ሰው ብዛት ነው። ስለ ጋሞ አጥንት የሚደግም ቆጣሪ ከአርባ ምንጭ ወይም ከድሬዳዋ ቢገኝ ምን ነውር አለው?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የበረታ ነው፤ እኔም በቀላሉ አላልፈውም። ተማሪውስ? ይላል። መምህሩ ደመወዝ የሚበላው ለማስተማር ነው። ወደ ምርምር ባዘነበለ ቁጥር ከተማሪው ሰዓት ይሰርቃል። ከዚህም የከፋ ነገር እናውቃለን። ለደረጃ ዕድገት ሲባል ብቻ የሚጻፍ፣ በገንዘብ የሚታተም፣ ማንም የማያነበው ወረቀት በየቦታው ተበራክቷል። ይህን «ምርምር» ብሎ መደገፍ ሐሰትን መደጎም ነው።

በበኩሌ ይህን ክርክር እቀበላለሁ፤ የምቀበለው ግን እስከ አንድ ወሰን ነው። ምርምር መምህሩን ከክፍል የሚያወጣው ከሆነ ግፍ ነው። ክፍሉን ወደ ምርምር የሚያስገባው ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1985 በዋናነት ለማስተማር ለቆሙ ኮሌጆች የተለየ የምርምር ድጎማ ሲያቋቁሙ ከዓላማዎቹ አንዱ ተማሪዎች በእውነተኛ ምርምር እንዲሳተፉ ማድረግ ነበር። መለኪያው ይህ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ተማሪው መልሱ በመጽሐፉ ጀርባ የሌለ ጥያቄ አንድ ቀን ሳያይ ከኮሌጅ ከወጣ፣ ሳይንስን እንደ ታሪክ ተምሯል እንጂ ሳይንስ አልተማረም። ከእርሱ ሰዓት የሰረቀው ምርምር ሳይሆን የምርምር አለመኖር ነው።

ጎረቤት ወይስ እንግዳ?

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። የቅርብ ሰው ይወቅ እያልሁ ነው። ግን የቅርብ ሰው ቢያውቅ ሁልጊዜ ይበጃልን?

የወላይታን ነገር እናንሳ። በደቡብና በሌላም የአገራችን ክፍል በእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጥ አንድ ዓይነት የዝሆኔ በሽታ አለ። ሊቃውንቱ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ መከላከል ይቻላል። ሕዝቡ ግን በየቤተሰቡ ሲመላለስ ስለሚያይ «ዘር ነው» ይላል። ከዚያ ቤት አያገባም፣ ከዚያ ቤት አይድርም። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በሽታው ከዘረመል ጋር ያለውን ግንኙነት ሊያጠኑ ሲነሡ አስቀድመው የአካባቢውን ሰው ጠየቁ። ጥናቱ ራሱ «ዘር ነው» የሚለውን መገለል ሊያብሰው ይችላል የሚል ሥጋት ተነገራቸው። ፈቃድ አጠያየቃቸውንም ከዚያ ጋር አስማሙ። በ194 ሕሙማንና በ203 ጤነኞች ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም ውጤቱ በአንድ በኩል ሕዝቡን ደገፈው፤ የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ አንዳንድ ዘረመሎች ሰውን ለበሽታው ያጋልጣሉ። በሌላ በኩል ግን ያለ አፈሩ በሽታው የለም። ዘሩ ቢኖርም ጫማው ያድናል።

ይህን ሁለት አፍ ያለው እውነት ለገበሬው ማን ይንገረው? በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ የታተመው ቃል ወደ ገበያ ሲወርድ «ሳይንስም ዘር ነው አለ» ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው የሚያደርስ፣ ሕዝቡ የሚያምነው፣ ነገ ጠዋት እዚያው የሚገኝ ሰው ያስፈልጋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ ያ ሰው የአካባቢው መምህር ነው።

እዚህ ላይ ግን ራሱ ጎረቤትነቱ ሥጋት ይሆናል። ድሬዳዋን ያህል ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ የለችም። በርጫ ላይ የተወራ ነገር ሳይመሽ ከዚራ ደርሶ መጋላ ይሻገራል። የጎረቤቱን ልጅ ዘረመል ያነበበ መምህር ነገ ያ ልጅ እጮኛ ሲፈልግ ምን ያደርጋል? የማያውቀን እንግዳ ምስጢራችንን ቢያውቅ ለእርሱ ቁጥር ነው፤ ለጎረቤት ግን ስም ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ በሽታው ተገልጦበት ትዳር ያጣ ሰው ግን ይህን ተረት ይወደዋል አልልም።

ይህን ችግር አንድ ሕግ ይፈታዋል ብዬ አላታልልም። ቅደም ተከተል ማበጀት ግን ይቻላል። የማንንም ስም ከማያጎድፈው ይጀመር። የትንኟ ጂኖም የማንም ምስጢር አይደለም። የተውሳኩም ቢሆን የማንንም ትዳር አያፈርስም፤ በተለይ ስሙ ተነጥሎ ከተቀመጠ። ጀማሪው መምህርና ተማሪዎቹ ልምድንም ምስጢር መጠበቅንም በእነዚህ ላይ ይለማመዱ። ወደ ሰው ዘረመል የሚያልፉት የሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ የሕዝቡ ፈቃድና የራሳቸው ብስለት አብረው ሲደርሱ ይሁን።

ፈጽሞ አንንካው ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ከስዊድን ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 ከመቶ የሚሆኑት አንዳንድ መድኃኒቶችን እጅግ አፍጥኖ የሚለውጥ፣ የተደራረበ ዘረመል እንዳላቸው ተገኘ። እንዲህ ባለው ሰው ሰውነት ውስጥ ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ለሕፃን አደገኛ ነው። አገራችን ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በዕውቀቱና በእገዳው መካከል 19 ዓመት አለ። የዘገየበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በየኮሌጁ ፋርማሲ የሚያስተምር ሰው ያንን ጥናት የራሱ ሥራ አድርጎ ቢይዘው፣ በየዓመቱ ለተመራቂዎቹ ቢያስተምረው፣ በየከተማው ቢደግመው ኖሮ ጩኸቱ የአንድ ቤተ ሙከራ ጩኸት ብቻ ባልሆነ ነበር።

ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

እንግዲህ ወደ መነሻችን እንመለስ። ከደማችን የሚገኘው ዕውቀት የማን ነው? «የእኛ ብቻ ነው» ብንል ሐሰት ይሆንብናል፤ ከድሬዳዋ ተውሳክ የተማሩት ነገር ነገ የሞምባሳን ወይም የካርቱምን ልጅ ያድናልና። «የማንም አይደለም፣ የዓለም ነው» ብንልም ይጎድለዋል፤ የዓለም የተባለ ነገር ሁሉ በተግባር መሣሪያና ቋንቋ ያለው ሰው ሆኖ ይቀራልና። እኔ የደረስሁበት እንዲህ ነው። ዕውቀቱ ለሁሉም ይሁን፤ ነገር ግን ደም የሰጠ ሕዝብ ያንን ዕውቀት የሚያነብ፣ የሚጠይቅ፣ ሲያስፈልግም የሚክድ የራሱ ሰው ሊኖረው ይገባል። ያለዚያ ፈቃዱ ፈቃድ አይባልም። ያልገባውን ነገር የፈቀደ ሰው ታዘዘ እንጂ አልፈቀደም።

በዚህ ዓይን ሲታይ ጀማሪውን መምህር መደገፍ ለእርሱ የሚደረግ ምጽዋት መሆኑ ይቀራል። ለከተማው የሚከፈል ዕዳ ይሆናል። ዕዳውም ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ከማስተማሪያ ሰዓቱ ጥቂቱ ይቀነስለትና በሐቅ ለምርምር ይዋል። ከትልቁ ተቋም አንድ ባልደረባ ይመደብለት፤ ናሙና ለመሰብሰብ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን አብሮ ለማንሳትና ስሙንም አብሮ ለመጻፍ። ኮምፒዩተሩና መስመሩ ይሟላለት። ለዕድገቱ የሚቆጠርለትም የወረቀቱ ብዛት ቀርቶ ተማሪዎቹ ከእርሱ ጋር የመለሱት ጥያቄ ይሁን። ከትልልቆቹ ተቋማት ወደዚህ ከተማ የሚመጣ ጥናት ሁሉ ሲያበቃ ውጤቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ነግሮ ይሂድ፤ ለነጋሪነትም የከተማውን መምህር ይጥራ።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የምድር ባቡሩ ሐዲድ በደረሰበት ቦታ ነው። ባቡሩን ያመጣው ሌላ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ሐዲዱን የሚጠግነው፣ ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥመው፣ ፉጨቱን ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቀው የድሬ ልጅ ሆነ። የማሽኑ አገር የት እንደሆነ ያኔ የጠየቀው የለም። እጁን ዘይት እንዲነካ የተፈቀደለት ሰው ማሽኑን የራሱ አደረገው። ጂኖምም እንደዚያው ሊሆንልን ይችላል፤ ጠመኔ ብቻ እንዲይዝ የተፈረደበትን እጅ ከፈታነው።

በርሜላችሁን መክደን ግን ማንንም አትጠብቁ። ቸር ሰንብቱ።